በዓይን የማይታዩ ሰባት ኮምፒውተሮችን ስለማስረከብ

ለተከበሩ የንብረት አስተዳደር ክፍል ኃላፊ፣

ጤናዎ እንደ ማኅተምዎ የጠነከረ፣ ውሎዎም እንደ ወንበርዎ የተደላደለ ይሁን እያልኩ የከበረ ሰላምታዬን አስቀድማለሁ።

እንደሚያውቁት ዝውውር ተፈቅዶልኛል፤ ባለቤቴና ገና አቅፌያት የማላውቅ ጨቅላ ልጄ ወዳሉበት ከተማ ለመሄድ የሚቀረኝ የእርስዎ ክሊራንስ ብቻ ነው። እሱንም የተከለከልኩት ሰባት ኮምፒውተር አላስረከበም ተብዬ ስለሆነ፣ ቅሬታዬን ሠራተኛው ሁሉ በሚያነበው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በትሕትና አቀርባለሁ።

1ኛ. ለሰባት ክፍሎች ሰባት ኮምፒውተር መግዛት አይቻልም ሲባል፣ ሰርቨር በሚባል አንድ ጉልበታም ኮምፒውተር ላይ ሊኑክስ የተባለውን ሥርዓት ጭኜ በውስጡ ቨርቹዋል ማሽን የሚባሉ ሰባት ኮምፒውተሮችን አቋቋምኩ። አካል የላቸውም፤ የሰርቨሩን ጉልበት ተካፍለው እያንዳንዳቸው ራሳቸውን እንደቻሉ ሆነው ይሠራሉ። እኔም በስብሰባ ላይ ሰባት ኮምፒውተር አገኘን ብዬ ተናገርኩ፤ አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። በማግስቱ ሰባቱንም በስሜ ስላስመዘገቡልኝ አመሰግናለሁ።

2ኛ. ተለጣፊ የንብረት ቁጥር ይዘው የመጡት ባልደረባዎ የሚለጥፉበት ቢያጡ፣ ሰባቱንም በሰርቨሩ የአየር ማስገቢያ ላይ ደረደሯቸው። ማሽኑ በሙቀት ሲያቃስት ዋለ፤ ግን አምሮበት ነበር።

3ኛ. የመዝገብ ቤቱን ማሽን አጥፍቼ በምትኩ አዲስ ብፈጥር፣ ያለ ግዢ ጥያቄ ስለተወለደው ማብራሪያ፣ ስለ ሟቹ ደግሞ ስብርባሪውን እንዳቀርብ ታዘዝኩ። የንብረት አስወጋጅ ኮሚቴው ባዶ ጠረጴዛ ከብቦ በጥሞና የተመለከተበትን ቀን መቼም አልረሳውም።

4ኛ. ሰባቱም በአንድ ሳጥን ውስጥ መሆናቸውን ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ሳስረዳዎ፣ መነጽርዎን አውልቀው «እንግዲያው ከሳጥኑ አውጣቸውና በየካርቶናቸው አሽገህ አምጣልኝ» አሉኝ። ልጄን የማውቃት በስልክ በምሰማው ለቅሶዋ ብቻ እንደሆነ ስነግርዎም፣ ካርቶኑን ከዕቃ ግምጃ ቤት እንድወስድ በደግነት ፈቀዱልኝ። እውነቱን ልናገርና ያን ዕለት አንጀቴ እርር ብሏል፤ ለካርቶኑ ግን ውለታዎ አለብኝ።

መዝገብዎ ይሙላ፣ ፊርማዎ አይንጠፍ እያልኩ፣ በርዎ ላይ ቆሜ ትዕግሥትን የተማርኩት፣

ታዛዥዎ የኮምፒውተር ባለሙያ

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤውን ከመለጠፌ በፊት ትዕዛዝዎን ፈጽሜያለሁ። ሰባት ባዶ ካርቶኖች አሽጌ፣ በእያንዳንዳቸው ላይ «በውስጡ የሚታይ ነገር የለም» ብዬ በጉልህ ጽፌ ለግምጃ ቤቱ ኃላፊ አቀረብኩ፤ እሳቸውም ቆጥረው፣ ቅለታቸውን አድንቀው ፈረሙልኝ። በእሳቸው ፊርማ ከቢሮዎ የተሰጠኝ ክሊራንስ ኪሴ ገብቷል፤ ዛሬ ልጄን አቅፋለሁ። ማሽኖቹም ሰርቨሩ ውስጥ ሥራቸውን ቀጥለዋል። ሰርቨሩን ግን አስረክብ ያለኝ የለም፤ ለካ መዝገብዎ ላይ ከነጭራሹ አልሰፈረም። በነካ እጅዎ ቢያስመዘግቡት መልካም ነው፤ እሱ እንኳን በዓይን ይታያል።