ለሦስት ወፍጮ አንድ መከለያ

ቀን፦ መጋቢት 11 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለሥራ ቦታ ደህንነትና ማሽን ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ፍኖተ ሰላም

አመልካች፦ ዳኘው ገብረሰንበት፣ በያጅ፣ የፍኖተ ሰላም ከተማ ነዋሪ

ጉዳዩ፦ በባለቤቴ በወ/ሮ ንግሥቴ መልካሙ ላይ የደረሰው የወፍጮ አደጋ «በራሷ ጥፋት ነው» የተባለበት ውሳኔ እንደገና እንዲታይና የአቶ ተስፋው ሦስት ወፍጮ ቤቶች ሳይነገራቸው፣ በአንድ ቀንና በአንድ ሰዓት እንዲፈተሹ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ጊዜዎን የማይሻማ አጭር ማመልከቻ ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቱንም ቀድጃለሁ። አጭሩ ማመልከቻ ሁልጊዜ እኔን ነፃ የሚያወጣ ሆኖ አገኘሁት። ስለዚህ ርዝመቱን በትዕግሥት እንዲያልፉልኝ በአክብሮት እየለመንሁ ነገሩን ከሥሩ እጀምራለሁ።

1. ባለቤቴ ንግሥቴ በከተማችን በሚገኘው የአቶ ተስፋው ወፍጮ ቤት ስድስት ዓመት ሠርታለች። የካቲት 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ማክሰኞ፣ ጾም ሊገባ ስድስት ቀን ቀርቶት የሽሮና የበርበሬው ወረፋ ከደጁ አልፎ መንገድ በወጣበት ሰዓት፣ ከቺንጋው ሥር የተከመረውን ዱቄት ልትጠርግ ጎንበስ አለች። ሞተሩን ከወፍጮው ጋር የሚያገናኘው ቺንጋ የሥራ ልብሷን እጅጌ ይዞ ቀኝ እጇን ጎተተው። የሞተሩ ማጥፊያ ከግድግዳው ማዶ ስለሆነ ሰው ዞሮ እስኪያጠፋው ድረስ የሆነው ሆነ። በማግስቱ ሆስፒታል ውስጥ እጇ ከአንጓው በላይ ተቆረጠ።

2. የካቲት 21 ቀን ከጽሕፈት ቤትዎ የደረሰን ደብዳቤ የአሠሪውን ሪፖርት መሠረት አድርጎ፣ «የቺንጋው መከለያ በቦታው የነበረ ሲሆን ሠራተኛዋ በራሷ ፈቃድ ከፍታ እጇን በማስገባቷ አደጋው ደርሷል» ይላል። ከሪፖርቱ ጋር የተያያዘው ፎቶግራፍ መከለያው በቦታው ተንጠልጥሎ ያሳያል፤ የተነሣውም አደጋው በደረሰበት ዕለት ነው ተብሎ ተጽፎበታል። ይህ ሐሰት ነው። ሐሰት መሆኑን የማውቀው ከሌላ ሰው ሰምቼ አይደለም።

3. መከለያውን የሠራሁት እኔ ነኝ። በ2013 ዓ.ም. ቺንጋ ያለው ወፍጮ ሁሉ ይሸፈን የሚል ማሳሰቢያ ሲወጣ አቶ ተስፋው ሱቄ ድረስ መጥተው አንድ መከለያ አዘዙኝ። ፍኖተ ሰላም አንድ፣ ጅጋ አንድ፣ ቡሬ አንድ ወፍጮ እንዳላቸው ስለማውቅ የሌሎቹንም ልክ ጠየቅኋቸው። ሦስቱም አንድ ልክ ናቸው፣ አንዱን ብቻ አሳምረህ ሥራው አሉኝ። እኔም ከሁለት ሚሊ ላሜራ አሳምሬ ሠርቼ አረንጓዴ ቀባሁት። በአራት ብሎን ይታሰር ስላቸው፣ ብሎን ሥራ ያጓትታል፣ በሁለት መንጠቆ ይንጠልጠል አሉ። ሠራተኛዋ ቺንጋውን ቶሎ ከፍታ እንድትጠርግ አስበው ነው ብዬ በልቤ አመሰገንኋቸው። ቂል ነበርሁ። መንጠቆው የተፈለገው ለመንገድ ነው።

4. ከዚያ ወዲህ መከለያው አርፎ አያውቅም። ቁጥጥር ጅጋ ሲሆን ጅጋ፣ ቡሬ ሲሆን ቡሬ፣ እዚህ ሲሆን እዚህ ይገኛል። የወፍጮ ቤቱ ጥበቃ ወንድምአገኝ ባጃጅ ላይ ጭኖት ሲያልፍ የሰፈራችን ነጋዴ ሁሉ ያየዋል። ነገሩ ከመለመዱ የተነሣ አረንጓዴው ላሜራ ባለፈ ማግስት ተቆጣጣሪ እንደሚመጣ ስለሚታወቅ፣ ሻይ ቤቶቹ ሳይቀሩ ደጃቸውን ጠርገው ይጠብቃሉ። እኔም ከሰው ጋር ስቄበታለሁ፤ አልዋሽም። ንግሥቴም አንድ ቀን፣ ያንተ ክዳን ከእኔ ይልቅ አገር አየ ብላ ቀልዳብኛለች። ቀልድ እንዳልነበረ የገባኝ አሁን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አልዋጥልኝ ብሏል። የቁጥጥር ቀን ለወፍጮ ባለቤት አስቀድሞ እንደማይነገር በየስብሰባው ሰምተናል። እንግዲያ ላሜራው ከማን ሰማ? ማንንም በስም አልወነጅልም፤ የማውቀውም ስም የለኝም። ነገር ግን በሁለት ዓመት ውስጥ እኔ እንኳ በዓይኔ ያየሁት ስምንት ጊዜ መከለያው ከተቆጣጣሪው አንድ ቀን ቀድሞ ደርሷል። አንድ ጊዜ ቢሆን አጋጣሚ ነው እል ነበር፤ ሁለት ጊዜም ቢሆን ለነፍሴ ብዬ ዝም እል ነበር። ስምንት ጊዜ ግን ሰው አለበት።

5. ለዚህ ማስረጃው ከእኔ ዘንድ ሳይሆን ከክቡርነትዎ መዝገብ ቤት ነው ያለው። እኔ በምሠራው ሥራ ሁሉ ላይ፣ ለጥገና ሲመለስልኝ የእኔ መሆኑን እንዳውቅ፣ በቀኝ በኩል በሾለ ብረት ሦስት ነጥብ እመታለሁ። የሦስቱም ወፍጮዎች የቁጥጥር ፎቶ በመዝገብዎ ውስጥ አለ። እባክዎ ሦስቱን ጎን ለጎን ያድርጓቸው። ሦስቱም ላይ የእኔን ሦስት ነጥብ፣ ሦስቱም ላይ ከባጃጅ ወድቆ ታችኛው ጥግ ላይ ያገኘውን ስርጉድ ያያሉ። እኔ ለአቶ ተስፋው የሠራሁት አንድ ብቻ ነው። ከወፍጮዎቹ ጋር አብረው ከመጡት ከድሮዎቹ መከለያዎች የቡሬው የዶሮ ቤት በር ሆኖ አይቼዋለሁ፤ የጅጋው የት እንደገባ አላውቅም።

6. አሁን የሚከብደኝ ቦታ ደረስሁ። ከጥር ወር ቁጥጥር ወዲህ መከለያው በፍኖተ ሰላሙ ወፍጮ ላይ፣ ማለትም ባለቤቴ በምትሠራበት ወፍጮ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። የካቲት 3 ቀን ግራ መንጠቆው ተገነጠለና ወንድምአገኝ ወደ እኔ አመጣው። የግማሽ ሰዓት ሥራ ነበር። አልሠራሁትም። የሰርግ ሰሞን በመሆኑ የሙሽራ አልጋና የግቢ በር ተደርቦብኝ ነበር፤ መብራትም አንድ ቀን ሙሉ ጠፍቶ ውሏል። ይህ ሁሉ ግን ሰበብ ነው። እውነተኛው ምክንያት ማንም ስላላጣደፈኝ ቁጥጥር ቅርብ አለመሆኑን መገመቴ ነው። መከለያው የሚያስፈልገው ለተቆጣጣሪ ዓይን ነው በሚለው ነገር፣ ሳላውቀው ከአቶ ተስፋው ጋር አንድ ሆኜ ነበር። ባለቤቴ በየጠዋቱ ከጎኔ ተነሥታ ወደ ክፍት ቺንጋ ስትሄድ እኔ ወደ ሱቄ ሄጄ ያንን ላሜራ ገፋ አድርጌ ሌላ ሥራ እሠራ ነበር። የካቲት 7 ቀን ሰው እየጮኸ ሲጠራኝ ዘልዬ ስወጣ ጉልበቴን የመታኝ ያው ላሜራ ነው።

7. በማግስቱ ጠዋት ልብስ ልወስድ ከሆስፒታል ስመለስ አቶ ተስፋውን ሱቄ ደጅ ቆመው አገኘኋቸው። አዘኑልኝ፤ እንባም ወጣቸው፤ እንባው የውሸት ነው ለማለት ዛሬም አልደፍርም። ከዚያ ግን ወፍጮ ቤቱ ያልተሟላ ሆኖ ከተገኘ እንደሚታሸግ፣ ከታሸገ ደግሞ ንግሥቴን የሚያሳክሙበት አቅም እንደማይኖራቸው ነገሩኝና መከለያውን አሁኑኑ በይድልኝ አሉኝ። በየድሁት። ወደ ሆስፒታል ለመመለስ ስቸኩል የብየዳው መስመር ተጣመመብኝ። አረንጓዴ ቀለም አልቆብኝ ስለነበር ሳልቀባው ሰጠኋቸው። ወንድምአገኝ ባጃጅ ላይ ጭኖት ሄደ።

በእጃችን ያለው ፎቶ ላይ የሚታየው መከለያ ይህ ነው። ከግራ መንጠቆው ሥር ያልተቀባ፣ የሚያብለጨልጭ ጠማማ መስመር አለበት። በጥር ወሩ የቁጥጥር ፎቶ ላይ ይህ መስመር የለም። የካቲት 8 ቀን የተበየደ ብረት የካቲት 7 ቀን ፎቶ ሊነሣ አይችልም። ስለዚህ ባለቤቴን ጥፋተኛ ያሰኘውን ማስረጃ በእጄ የሠራሁት እኔው ነኝ።

ብየዳው የተሠራበትን ቀን ከሦስታችን በቀር የሚያውቅ የለም። አቶ ተስፋው አይናገሩም። ወንድምአገኝም እንጀራው እሳቸው ዘንድ ነውና አልፈርድበትም። የቀረው የእኔ ቃል ነው፤ እኔ ደግሞ ባሏ ነኝ። ባል ለሚስቱ አዳላ እንዳይባል ራሴን የሚያስጠይቀኝን ጭምር ሳላስቀር የጻፍሁት ለዚህ ነው።

8. ንግሥቴ ያቺን ደቂቃ አታስታውስም። መጥረጊያ ማንሣቷን ታውቃለች፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሆስፒታል ነው። መከለያው ሲመጣና ሲሄድ ስለኖረ ያን ዕለት ይኑር አይኑር እርግጠኛ መሆን አልቻለችም። ደብዳቤውን ያነበብሁላት እኔ ነኝ። ሰምታ ስትጨርስ፣ «ከፍቼው ይሆን እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። እንጃ አልኋት። ክቡር ሆይ፣ በዕድሜዬ ከተናገርሁት ሁሉ ያፈርሁበት ቃል ይህ ነው። መልሱን ብነግራት ላሜራው የት እንደነበር መናገሬ ነውና ፈራሁ።

እሷ ግን «እንጃ» ማለቴን እንደ አዎን ቆጠረችው። ለሚጠይቃት ጎረቤት ሁሉ ጥፋቱ የእኔ ነው ማለት ጀመረች። ይባስ ብላ፣ በእኔ ምክንያት ስማቸው ጠፋ፣ ሥራቸው ተስተጓጎለ በማለት አቶ ተስፋውን ይቅርታ የሚጠይቁላት ሽማግሌዎች አስመረጠች። ታላቅ ወንድሟ ቄስ ሀብተሚካኤል ሽማግሌዎቹን መርተው እንዲሄዱ ከጅጋ ገጠር ተጠርተው መጡ። ቀጠሮው ባለፈው ቅዳሜ መጋቢት 9 ቀን ነበር። እጅዋን ያጣች ሴት እጅዋን ያሳጣትን ሰው ይቅርታ ልትለምን ስትሰናዳ እያየሁ መቀመጥ አቃተኝ። ቅዳሜ ማለዳ ሽማግሌዎቹ ከመነሣታቸው በፊት፣ እሷና ቄስ ሀብተሚካኤል ባሉበት፣ ከላይ የጻፍሁትን ሁሉ ተናገርሁ። ሽማግሌዎቹ ተበተኑ።

ስለዚህ የሚከተለው እንዲፈጸምልኝ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እለምናለሁ።

ሀ. በንግሥቴ ላይ የተሰጠው ውሳኔ ተነሥቶ፣ ክፍት ቺንጋ ላይ ስትሠራ አደጋ እንደደረሰባት፣ ምንም ነገር እንዳልከፈተች በጽሑፍ ይረጋገጥላት። ከሌላው ሁሉ የምሻው ይህን ነው።

ለ. ሦስቱ ወፍጮ ቤቶች በሦስት ተቆጣጣሪ፣ በአንድ ቀንና በአንድ ሰዓት ይፈተሹልኝ። አንድ ላሜራ ምንም ቢፈጥን በአንድ ሰዓት ሦስት ከተማ መገኘት አይችልም። ተቆጣጣሪዎቹም ወዴት እንደሚሄዱ የሚነገራቸው መኪና ላይ ከወጡ በኋላ ቢሆን ደስ ይለኛል። ድፍረት ከሆነብኝ ይቅርታ።

ሐ. ከአሁን ወዲያ መከለያ በብሎን እንጂ በመንጠቆ እንዳይፈቀድ፣ ማጥፊያውም ሠራተኛው እጁ በሚደርስበት ቦታ እንዲሆን ይታዘዝልኝ። በንግሥቴ ቦታ ሠርክአዲስ የምትባል ልጅ ተቀጥራለች። ዛሬ ጠዋት ወደዚህ ስመጣ ጎራ ብዬ አየሁ፤ ቺንጋው ክፍት ነው። መከለያው ቡሬ ነው ያለው አሉ። ልጅቷን ነጠላሽን ወገብሽ ላይ እሰሪ ከማለት በቀር ምንም ማድረግ አልቻልሁም።

መ. ይህን አቤቱታ በታሸገ ፖስታ፣ በራሴ እጅ ነው የማስገባው። በቅጂዬ ላይ የገባበት ሰዓት ጭምር እንዲጻፍልኝ ስጠይቅ መዝገብ ቤት ያሉት ቅር እንዳይላቸው ከወዲሁ እለምናለሁ። ፖስታው ከመዝገብ ቤት እስከ ቢሮዎ ባለው ኮሪደር ላይ ሳለ ላሜራው ከቡሬ ከተነሣ፣ ወሬው ከየት እንደሚወጣ ክቡርነትዎ ያለ እኔ እርዳታ ይደርሱበታል።

ሠ. ተጠያቂዎች ሲጻፉ የእኔ ስም እንዳይዘለል። መከለያውን ሳልጠግን የማቆየቱ ጥፋት የእኔ ነው፤ የማስመሰያው ብየዳም የእኔ ነው። የሚመጣብኝን ለመቀበል ተዘጋጅቻለሁ።

በመጨረሻ ስለ መልሱ አሰጣጥ አንድ ነገር ላመልክት። ይህን ጽሑፍ፣ ዛሬ ካከልሁት በቀር፣ ትናንት እሑድ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለንግሥቴ አንብቤላታለሁ። ከየካቲት 3 እስከ የካቲት 7 ስንት ቀን እንደሆነ ብቻ ጠየቀችኝ። አራት ቀን አልኋት። ከዚህ በታች ያለውን አሻራ በገዛ ፈቃዷ አኑራ፣ ጥቂት ልብስ በቋጠሮ ይዛ ከቄስ ሀብተሚካኤል ጋር ወደ ጅጋ ሄደች። እስከ መናኸሪያ ቋጠሮሽን ልያዝልሽ ብላት ወንድሟ ቀድመው ተቀበሏት።

ስለሆነም የክቡርነትዎ ውሳኔ እንደ በፊቱ በእኔ አድራሻ እንዳይላክ እጠይቃለሁ። እባክዎ በቀጥታ በእሷ ስም፣ በቄስ ሀብተሚካኤል በኩል፣ ጅጋ ይጻፍላት። ሌላ ሰው ያንብብላት።

ከታላቅ አክብሮትና ሰላምታ ጋር

አመልካች፦ ዳኘው ገብረሰንበት (ፊርማ)

ተጎጂ፦ ንግሥቴ መልካሙ (የግራ እጅ አውራ ጣት አሻራ)