አልተጠመቀም ያልኩት ጎማ

ለምወድሽ፣ ጆሮዬን መቆንጠጥ ለማይደክምሽ እኅቴ ለእታለም ዘነበች፤ ከድሬዳዋ ሙቀት ጋር እንዴት ከረምሽ? ጤናሽስ? አማቻችን አብርሽስ ደኅና ነው? አርሴማ ጥርስ አወጣች ወይስ እንደ እኔ በምላሷ ብቻ ትነክሳለች? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን፤ ውርጩ ገብሱን ለበለበው እንጂ ሰዉም በጉም ደኅና ነው። አባባም ደኅና ናቸው። ይቺን ደኅና ናቸው የምትለዋን ግን ሁለቴ ሰርዤ ነው የጻፍኳት፤ ስርዝ ድልዙ የበዛው ከስድስተኛ ክፍል ስላቋረጥኩ ብቻ እንዳይመስልሽ።

የቧንቧ ውኃ ከገባልን ወዲህ አባባ የታችኛው ጉድጓድ ጠባቂ መሆናቸውን ታውቂያለሽ። ውኃው ከጓሳ በኩል ካለው ማጠራቀሚያ ተንደርድሮ ሲወርድ የሚያልፈው እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ባለው ቫልቭ ነው፤ የሚከፍተውም የሚዘጋውም እሱ ነው። በብረትና በብረቱ መካከል፣ ውኃ እንዳያፈተልክ፣ ቀለበት የሚመስል ጎማ ተገጥሞለታል። የዛሬ ሁለት ዓመት በመስቀል ሰሞን አባባ ይኼ ጎማ በውርጩ አይደርቅም ወይ ብለው ጠየቁኝ። መቼም መሐል ሜዳ ለሦስት ቀን ሥልጠና የተላክኩት እኔ ነኝ፤ ሁለቱን ቀን እንደተኛሁ ለማንም አልተናገርኩም። ይደርቃል እንጂ፣ እንደ ገበሬ ተረከዝ ይሰነጠቃል፣ በየቅዳሜው የበግ ላት ይቀቡት አልኳቸው። ቀልዴን ነበር። እሳቸው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከራሳቸው ድርሻ ላት እያስቀሩ፣ አቅልጠው፣ በጣሳ ይዘው ይወርዳሉ። ዓቢይ ጾም ሲገባ በጾሙስ ልቀባው ወይ አሉኝ። ይቀቡት፣ ጎማው አልተጠመቀም አልኳቸው። ለጓደኞቼ ስነግራቸው ሜዳው ላይ ተንከባለልን።

በዘንድሮው መስቀል ማግስት የውኃ ቴክኒሻኑን በዕውቀቱን መሐል ሜዳ መናኸሪያ አገኘሁት። ለሦስት ወር ሥልጠና ወደ ደብረ ብርሃን ሊሳፈር ነበር። አንድ ሞኝ ጎማውን ስብ ቢቀባው ምን ይሆናል አልኩት እየሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። ስብና ጎማ ጠላት ናቸው፣ ዐሥር ዓመት የሚያገለግለው ጎማ ያብጥና ይበሰብሳል፣ በዚያ ግፊት አንድ ቀን ከነቦታው ወጥቶ ይሄዳል፣ ጉድጓዱ ውስጥ ሰው ካለ መሰላሉን ሳይጨብጥ ይሞላበታል አለኝ። ስንት ጊዜ ይቆያል ስለው፣ ቆርጠህ ስብ ውስጥ ንከረውና እሳት አጠገብ አስቀምጠው፣ ሙቀት ዕድሜውን ያስሮጠዋል፣ በእኛ ብርድ ስድስት ወር የሚፈጀውን በሳምንት ያሳይሃል ብለህ ያዝ፣ ግምት ነው ታዲያ ብሎኝ ሚኒባሱ ነጎደ።

ከአሮጌ ቫልቭ የተረፈ ጎማ ነበረኝ፤ ሁለት ቁራጭ አወጣሁ። አንዱን ላት ባለበት ጣሳ ነክሬ፣ ሌላውን እንደ ደረቀ፣ ከምድጃው ጀርባ አኖርኳቸው። በየሳምንቱ በጥፍሬ እጫናቸዋለሁ። መጀመሪያ ሁለቱም ጥፍሬን ገፍተው ተመለሱ። በሦስተኛው ሳምንት የስቡ ጎማ ወፍሮ የጥፍሬን ምልክት እንደ ሊጥ ይዞ ቀረ። በአራተኛው እንደ ራሰ ዳቦ እጄ ላይ ተቆረሰ። ደረቁ ምንም አልሆነ። አራት ሳምንት፣ ሳምንቱ በስድስት ወር፤ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አሰብኩት፣ ሁለት ዓመት ነው የሚመጣው። ሁለት ዓመቱ ደግሞ መስቀል ላይ ሞልቷል፣ እታለም።

አባባ እግር ላይ ወድቄ ተናዘዝኩ። ሳቁብኝ! አንተ ልጅ ዛሬ ደግሞ ምን አምሮህ ነው፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ጠብ ያላለው በዚህ እጅ ነው አሉኝ። የጉድጓዱን መክደኛ ቁልፍ ደበቅኩ፤ ከገብሱ ጎተራ አውጥተው ድሮም የምትደብቀው እዚህ ነው አሉ። ማጠራቀሚያው ሥር ያለውን የላይኛውን ቫልቭ እንዳልዘጋው ዝጎ አልዞር ብሏል። ባለፈው ቅዳሜ ሲወጡ ጋቢያቸው ደረታቸው ላይ ርሷል። ቀጭን ጠበል ረጨኝ ብለው ደስ አላቸው። እኔ ግን ጎማው መላቀቅ እንደጀመረ ገባኝ።

ስለዚህ አንቺ ጻፊላቸው፤ ያንቺን ቃል አይጥሉም። ደብዳቤውን ግን በእኔ ስም እንዳትልኪው። ባለፈው ዓመት ያንቺን ደብዳቤ ሳነብላቸው፣ ለምንተስኖት ጫማ ይግዙለት የሚል መስመር ከራሴ ጨምሬ ነበር፤ የነቁብኝ ጫማውን ካደረግኩ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ የማነበውን አያምኑም። በመሪጌታ ኃይለ ኢየሱስ ስም ላኪው፣ እሳቸው ያንብቡላቸው። አዲስ ጎማም ፈልጊልኝ፤ ልኩን በክር ለክቼ ፖስታው ውስጥ አስገብቼዋለሁ።

ደብዳቤሽ እስኪደርስ ግን ከነገ ወዲያ ቅዳሜ ነው። ወገባቸው ላይ መጫኛ እንዳስርላቸው ለመንኳቸው። አዲስ ቀልድ መስሏቸው፣ እሺ እንደ በግ ጎትተኝ ብለው ፈቀዱ። ጫፉን የምይዘው እኔ ነኝ። ከትናንት ጀምሮ ገብስ የሞላ ጆንያ ገደል አፋፍ ላይ እያወረድኩ እየጎተትኩ እለማመዳለሁ፤ አባባ ከጆንያው ይቀላሉ እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ።

አብርሽን ሰላም በይልኝ። አርሴማን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። እማዬ ናፍቆቷ አላስቀምጣት ብሏል፤ የጉድጓዱን ነገር አልነገርኳትም። ታናሻችን ትሕትና ጠጉሯን ተሠርታ አድጋለች፣ እታለም መቼ ትመጣለች ትላለች። አባባም ሰላም ብለውሻል። አሁን አጠገቤ ቁጭ ብለው ምንድን ነው የምትጽፈው ሲሉኝ፣ እውነት አልኳቸው። አሁንም እየሳቁ ነው።

ወንድምሽ ምንተስኖት ፈንታ
መሐል ሜዳ አካባቢ፣ ሐሙስ ኅዳር 5 ቀን 1995 ዓ.ም.