ዘመድ ያስናፈቀኝ ጉንፋን

ለወንድሜ ለካሚል፤

አሰላሙ ዓለይኩም። የድሬዳዋ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ጤናህስ፣ ሥራህስ? ጨጓራህ ተሻለህ ወይስ ዛሬም በበርበሬ ታስቆጣዋለህ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን ልልህ ነበር፤ እናታችን ታማ ስለ ከረመች ግን አፌን ሞልቼ አልለውም። በስልክ ያልነገርሁህ አንተ ስትቆጣ የእኔ ምላስ ስለሚተሳሰር ነው።

ያሳመምኋት እኔ ነኝ። ጠባዬን ታውቃለህ፤ ከፋብሪካ ስወጣ በሬን ዘግቼ መቀመጥ እንጂ ዘመድ መጠየቅ አይሆንልኝም። ከእኔ ቤት እስከ ሐይቁ ዳር በባጃጅ ቅርብ ሆኖ ሳለ፣ እናታችን ዘንድ ብቅ የምለው ከዒድ ወደ ዒድ ነው። በታኅሣሥ መጨረሻ አንድ ዓርብ ግን ምን እንደ ነካኝ እንጃ፣ ሰው አማረኝ። ከጁምዓ ወጥቼ ሰፈሩን አዳረስሁ፤ ጀልባ ሠሪዎቹን፣ መረብ ጠጋኞቹን ሳይቀር እያገላበጥሁ ሳምሁ። እናታችን የቀረሶ ዓሣውን አጥንት እየለቀመች ሥጋውን አጎረሰችኝ፤ እኔም መልሼ አጎረስኋት። እህታችን ሳዲያ ዛሬ ፀሐይ በየት በኩል ወጣች ብላ ሳቀችብኝ።

በማግሥቱ ትኩሳት ጣለኝ። እኔ ቶሎ ተነሣሁ፤ የእሷ ሳል ግን ወደ ሳንባዋ ወርዶ ሆስፒታል አስተኛት። የፋብሪካችን ነርስ እናትዓለም፣ አንዳንድ ቫይረስ ገና ሳይጥል፣ ወደ ሌላው በሚጋባበት ሰዓት፣ ሰውን ሰው ሊያስናፍቀው ይችላል ብለው የሚጠረጥሩ ተመራማሪዎች አሉ፣ እርግጡ ግን አልታወቀም አለችኝ። ለአፍታ ቀለለኝ፤ ጥፋቱን ለጉንፋኑ ሰጠሁት። ኋላ ግን ከነከነኝ። የዚያን ቀን ፍቅር የእኔ ካልነበረ፣ እኔ ለእናቴ ምኗ ነኝ?

ትናንት ወደ ቤት መለሷት፤ ትንፋሿ ገና ያጥራታል። ደፍሬ መግባት አቅቶኝ በመስኮቱ በኩል ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ነርሷ ያለችኝንም ነገርኋት። ሰማችኝና፣ ያመጣህ እሱ ከሆነ አላህ ቶሎ ቶሎ ጉንፋን ይስጥህ አለችኝ። ሳዲያ ሳቀች፤ እናታችን ግን አልሳቀችም። ካሚል፣ ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር።

ለባለቤትህ ለራውዳ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ልጅህን ሐናንን ጉንጯን ሳምልኝ፤ አማትህንም ዱዓ እንዲያደርጉልን ንገርልኝ። ሳዲያ እጅግ ናፍቃሃለች። እኔ ይህን ጽፌ ስጨርስ ወደ እናታችን እሄዳለሁ። ትኩሳትም ሳልም የለብኝ፤ እውነቱን ልንገርህ፣ እግሬ እንደ ድሮው ይጎተታል። ቢሆንም ዛሬ እገባለሁ።

ወንድምህ ሳሊህ
ባሕር ዳር፣ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.