ጋሽ ኢድሪስ የቆሙለት ሕግ

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 9፣ 93

ከሥራ ገባሁ፣ እግሬ አብጧል። አፕታውን ሰፈር የምሠራበት መኪና ማቆሚያ ዛሬ ፋታ አልነበረውም። አንተ ደብተር፣ ሳታቋርጠኝ ስማ። ሐሙስ የሕዝብ ስብሰባ አለ። በስቴቱ ውኃ፣ ማለትም ከባሕሩ ዳር እስከ ሦስት ማይል፣ በመረብ ዓሣ አጥምዶ መሸጥ ይከልከል ወይስ ይቀጥል ነው ክርክሩ። የኮሌጃችን የወፍ ክበብ እንድናገርለት መረጠኝ። ደስ ብሎኛል። ፈርቻለሁም። በመረብ ተጠልፈው ሰጥመው ባሕር ዳር ያነሳናቸው ወፎች ከዓይኔ አልጠፉም።

እማዬ ግን ጋሽ ኢድሪስን አስበሻቸዋል ወይ አለችኝ። (ከዚህ በኋላ ጋ/ኢ፤ እጄ ደክሟል።) የምጽዋ ሰው ናቸው። አባቴ ከሞተ ጀምሮ ዓርብ ዓርብ ዓሣ ጠርገው በራችን ያደርሳሉ። ጀልባቸው ትንሽ ናት፤ መረባቸውን የሚጥሉት እዚያው ሦስት ማይል ውስጥ ነው። ሕጉ ካለፈ እንጀራቸው ቀረ። አውቃለሁ። ወፎቹንም አውቃለሁ። እንቅልፌ መጣ።

ሐሙስ፣ ፌብ. 11

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። በስተቀኝ እኛና ለመዝናናት የሚያጠምዱት፣ በስተግራ ባለመረቦቹ። የእኛዎቹ ዘራፊ ይላሉ፣ ባለመረቦቹ ቅምጥል ብለው ይመልሳሉ። ጋ/ኢ የዒድ ኮታቸውን ለብሰው ገቡ። ጓደኞቻቸው ከግራ በኩል ቦታ ይዘው ጠሯቸው። እጃቸውን አንስተው ሰላም አሏቸውና መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

ሰብሳቢው ጊዜ ለመቆጠብ ብሎ፣ ሕጉን የምትደግፉ ቁሙ አለ። ቆምኩ። ጋ/ኢ አብረው ቆሙ። እንግሊዝኛው ያመለጣቸው መስሎኝ ጎንበስ ብዬ በጆሯቸው ነገርኳቸው።

«ገብቶኛል» አሉኝ። «አንቺ ቆመሽ እኔ ልቀመጥ? ሰው ምን ይላል?»

ክው አልኩ። ማዶ ያሉት ጓደኞቻቸው አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። የምትቃወሙ ቁሙ ሲባል ጋ/ኢ መሬት መሬት እያዩ ተቀምጠው ቀሩ። ሰዓቱ አልቆ የንግግሩ ተራ ለሚመጣው ሐሙስ ተላለፈ። ተመስገን።

ዓርብ፣ ፌብ. 12

ዓሣው መጣ። ተጠርጎ፣ እንደ ወትሮው። እማዬ አልነካውም አለች፤ እኔም አልዋጥልሽ አለኝ። ጠዋት በእሳቸው ተናደድኩ። ሰው እንዴት በገዛ እንጀራው ላይ ይፈርዳል? ይሉኝታም ልክ አለው! ከሰዓት በኋላ ንዴቱ ወደ ራሴ ዞረ። ተከራክሬ ባሸንፋቸው ግድ አልነበረኝም። ይሄ ግን ማሸነፍ አይደለም፣ ስለ እኔ ብለው ነው ዝም ያሉት። አፈርኩ።

እሑድ፣ ፌብ. 14

ሄይዋርድ ከተማ ወዳለው የጋ/ኢ ቤት ሄድኩ። ጓሮ ተቀምጠው መረብ ይጠግናሉ። ስለ ወፎቹ ነገርኳቸው። አልተከራከሩኝም። እሳቸውም እየፈቱ እንደሚያወጧቸው፣ የሞተች ያጋጠመቻቸው ቀን ደስ እንደማይላቸው ነገሩኝ። ግን ጀልባዋ ከሦስት ማይል ወዲያ ያለውን ማዕበል አትችልም። በዚህ ዕድሜያቸው ሌላ ሥራ ማን ይሰጣቸዋል? ይህንኑ ለሰብሳቢው ይንገሩ አልኳቸው። እንግሊዝኛዬ ለገበያ እንጂ ለሙግት አይሆንም አሉ። እኔ አስተረጉምልዎታለሁ አልኩ። አንድ ቀዳዳ ጠግነው ጨረሱ።

«እንግዲያው ካንቺ በፊት ልናገር» አሉ። «በኋላ ከሆነ ከልጄ ጋር አደባባይ ላይ የተከራከርኩ ይመስላል።»

አንጀቴን በሉት።

ረቡዕ፣ ፌብ. 17

ነገ ነው። የክበቡ ሊቀ መንበር ደወለ፤ ወሬው ደርሶታል። አልጮኸም፣ በጣም ትሑት ልጅ ነው። ለተቃዋሚ እያስተረጎምኩ ለክበቡ መናገር እንደማልችል፣ አንዱን እንድመርጥ ነገረኝ። እውነቱን ነው። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ይህንኑ እል ነበር።

እማዬ ምን ወሰንሽ ብላ ሁለቴ ብቅ አለች። መጀመሪያ ላንተ ልንገርህ። ለወፎቹ የሚናገር ሞልቷል፣ ከእኔ የተሻለ አፍ ያለው። የጋ/ኢን አማርኛ የሚሰማ ግን በዚያ አዳራሽ ከእኔ ሌላ የለም። ንግግሬን ለሊቀ መንበሩ ሰጠሁት።

ሕጉ ቢያልፍ ጥሩ ነው ብዬ ዛሬም አምናለሁ። ደህና አድርጌ ካስተረጎምኩ ላያልፍ ይችላል።

ደህና አድርጌ አስተረጉማለሁ።