እማዬ ያልቀመሰችው ብስኩት

ለወንድሜ ለአምሐ፣

ሰላም ለአንተና ለቤትህ ይሁን። እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ወገቤን ያመኛል ስትል ነበር፣ ተሻለህ ወይ? ባለቤትህ ብሪጊታ እንዴት ናት? መዓዛና ኤሪክስ አደጉልህ? ይህን ሁሉ የምጠይቅህ እማዬ ያለ ሰላምታ ወሬ መጀመር ነውር ነው ብላ ስላሳደገችን ነው እንጂ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ የወገብህ ነገር ዛሬ ግድ አይሰጠኝም። እኔን ከጠየቅኸኝ ቆሜ እሄዳለሁ። ልጄ ደኅና ናት። ባለቤቴ ዘነበም ደኅና ነው፣ የጭነት መኪናውን እየነዳ ወደብ ሲመላለስ ይውላል።

«ጋሼ» ብዬ ያልጀመርኩት ረስቼ አይደለም። እስካለፈው ወር ድረስ በስምህ ብቻ ጠርቼህ አላውቅም ነበር።

እማዬ መሞቷን ሰምቻለሁ። ጥቅምት አሥር ቀን ማረፏን፣ መቀበሯን፣ አርባዋም ሰማንያዋም መውጣቱን፣ ሁሉንም በስምንተኛው ወር ሰማሁ። የነገረኝ ሌላ ሰው ነው። አንተ የምታውቀውን እንደማላውቅ አድርጌ መቀመጥ ስለማልችል፣ የሆነውን ከመጀመሪያው አንሥቼ እጽፍልሃለሁ። ሳታቋርጠኝ አንብበው። በስልክ ቢሆን ታቋርጠኝ ነበር።

ያ የላክኸው ሣጥን የደረሰን በመስከረም ነው። ደብዳቤህ ውስጥ «የብስኩት ካውያ» ብለህ ስለጻፍክ ዘነበ የልብስ ካውያ መስሎት፣ እኛ ቤት ካውያ ጠፍቶ ነው እንዴ ከስዊድን የሚላክልን ብሎ ሲስቅ ነበር። ሣጥኑን ስንከፍተው እንደ መጽሐፍ የሚከፈት፣ አበባ የተቀረጸባቸው ሁለት ክብ ብረቶች ያሉት፣ ገመድ ያለው ዕቃ ወጣ። የብሪጊታ አያት በእሳት ላይ ይጋግሩት የነበረውን ስስ ብስኩት አሁን በኤሌክትሪክ እንደሚጋግሩት ጽፈህልኝ ነበር። ብሪጊታ በእጇ የጻፈችውን አሠራር አንተ ወደ አማርኛ መልሰኸዋል፤ እንቁላል፣ ስኳር፣ ቅቤ፣ ዱቄት፣ ትንሽ ሄል። ያን ጊዜ የሦስት ወር እርጉዝ ነበርኩ። የመጀመሪያዋ ልጄ በስድስት ወሯ መጨንገፏን ታውቃለህ። ከሥራ መልስ ቤት ውስጥ ብቻዬን ስሆን ክፉ ክፉ ያሳስበኝ ስለነበር የእጅ ሥራ እንዲሆነኝ ብለህ መላክህን አመስግኜህ ነበር። ምስጋናውን አሁን መልሼ ብወስደው ደስ ባለኝ።

ሶኬት ላይ ሰካሁት፤ አልግል አለኝ። እንደ ታማሚ ግንባር ለብ ብሎ ቀረ፣ ሊጡም ላዩ ላይ ተዘርግቶ ነጭ እንደሆነ ተኛ። የአክስታችን ልጅ ጋሻው ከሳን ሆዜ ሊጠይቀን ሲመጣ አገላብጦ አየውና፣ ይሄ የአውሮፓ ነው፣ ሁለት መቶ ሃያ ይፈልጋል፣ እዚህ ያለው መቶ አሥር ነው አለኝ። እሱ ኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ ስለሚሠራ ትራንስፎርመር ፈልጌ አመጣልሻለሁ ብሎ ሄደ። ያመጣው በኅዳር ነው። እንደ ድንጋይ የሚከብድ ብረት በሁለት እጁ ታቅፎ ደረጃውን ሲወጣ በመስኮት አየሁት። ገብቶ አስቀመጠው፤ ቀና ብሎ ግን አላየኝም። ደክሞት ነው ብዬ ውኃ ሰጠሁት። ለካስ አንተ ያን ሰሞን ደውለህ ነግረኸው፣ አስምለኸውም ነበር።

ብረቱ ጋለ። የመጀመሪያዎቹ ተጣበቁ፣ ሁለተኛዎቹ ከሰሉ። ቀስ በቀስ መላውን አገኘሁት። አንድ ማንኪያ ሊጥ መሐሉ ላይ አድርጌ እከድነዋለሁ፤ አባታችን ሆይን አንድ ጊዜ ደግሜ ስጨርስ እከፍተዋለሁ። ቀይ ወርቅ መስሎ ይጠብቀኛል። በቢላዋ ጫፍ አንሥቼ ሳይቀዘቅዝ አብሮት በመጣው ድቡልቡል እንጨት ላይ እጠቀልለዋለሁ። ትንሽ ከዘገየሁ ይሰበራል፣ ከቸኮልኩ ጣቴን ይልጠኛል። ሽማግሌዎች ከምጦርበት ነርሲንግ ሆም በዘጠኝ ሰዓት እገባና ሆዴን ከጠረጴዛው ጋር አስደግፌ ስጋግር አመሻለሁ። ጾም ስለነበር አልቀምሰውም፤ ጋሻው አይጾምምና እሱን አስቀምሰው ነበር። አንድ ቀን፣ ይሄን ለእማዬ ነው የምልከው፣ ጥርስ አያስፈልገውም፣ እንዴት ነው ስለው አንድ ጊዜ ገምጦ አቆመ። ትኩስ ነው አለኝ። ከተጋገረ ሁለት ሰዓት አልፎት ነበር።

የወርቅውሃን ታውቃታለህ፤ በንጉሡ ጊዜ ለትምህርት መጥታ እዚሁ የቀረችው፣ የአሜሪካ ፓስፖርት ያላት። ለገና አዲስ አበባ ልትሄድ ስትል ለመንኳት። ከመቶ በላይ ጋግሬ፣ ያልተሰነጠቀውን ያልጠቆረውን መርጬ ሠላሳ ስድስት አወጣሁ። በሰም ወረቀት እየለየሁ ክብ ቆርቆሮ ውስጥ ደረደርኩ። ሻንጣ ውስጥ አታስገቢው ይደቅብኛል፣ በእጅሽ ያዢልኝ አልኳት። እሷም አሥራ ምናምን ሺህ ኪሎ ሜትር ጉልበቷ ላይ አድርጋ ወሰደችልኝ።

ደርሳ የእማዬን በር ብታንኳኳ የማታውቀው ሰው ከፈተላት። ጎረቤታችን እትዬ ውብዳር ወጥተው አቀፏትና ነገሯት። ለማን ትስጠው? ለእሳቸው ሰጠቻቸው። በማግሥቱ የእማዬ ሰማንያ ነበርና ብስኩቴ እዚያ ላይ ቀረበ። ለእማዬ አፍ ብዬ የጋገርኩት ለእማዬ ተዝካር ሆነ። ይህን ስሰማ አልተናደድኩም። እትዬ ውብዳር ደግ አደረጉ፤ መበላት ባለበት ቦታ ተበላ።

የተናደድኩት በሌላው ነው፤ አሁን ወደ አንተ እመጣለሁ።

በጥር መጀመሪያ፣ እሑድ ቀን፣ ደወልክልኝ። ቆርቆሮው ደረሰ ወይ ብዬ ጠየቅሁህ። ደረሰ ብለህ ዝም ብትል ምን ነበረበት? የአዲስ አበባ መስመር ከዚህ አይገኝልኝምና የእማዬን ወሬ የምሰማው በአንተ በኩል ነበር፤ እማዬን በስልክ አገኘኋት አልከኝ። ሻይ ውስጥ እየነከረች ሦስቱን በአንድ ጊዜ በላች አልከኝ። «ምላሴ ላይ እንደ በረዶ ሟሟ፣ ይቺ ልጅ እጇ መቼ እንዲህ ሆነ» አለች አልከኝ። ድምፅዋን እንኳ አስመሰልከው፤ ስትስቅ መጨረሻ ላይ እንደምትስለው ሳልክ። እኔ ደግሞ እንደገና በልልኝ አልኩህ። እንደገና አልከው፤ ሁለተኛውን ጊዜ እንዲያውም አሳመርከው፣ ባዶውን ቆርቆሮ ለክር ማስቀመጫ ይዤዋለሁ አለች ብለህ ጨመርክበት። አምሐ፣ እማዬ ያን ቀን አፈር ውስጥ ሦስት ወሯ ነበር።

ያን ቃል ይዤው ዞርኩ። ሥራ ቦታ ላሉት ሽማግሌዎች ነገርኳቸው። ዳሊ ሲቲ ላሉት ጓደኞቼ ነገርኳቸው፤ እነሱም እያወቁ እሰይ አሉኝ። ምጥ ሲይዘኝ እሱን እያሰብኩ ነበር ያማጥኩት፤ እናቴ አለችልኝ፣ እጄን ወደደችልኝ እያልኩ። መጋቢት አሥር ቀን ዓለምፀሐይ ተወለደች።

ክርስትናዋ ግንቦት ሠላሳ ቀን ነበር። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤታችን ሰው ሞልቶ ነበር፤ ጋሻውም ጓደኞቹን ይዞ ከሳን ሆዜ መጥቷል። እኔ ካውያውን ሰክቼ ትኩስ ትኩሱን እየጠቀለልኩ ለሰው እሰጥ ነበር። የወርቅውሃ ፊት ሳህኑን አድርጌ፣ እንቺ፣ አንቺ ነሽ ለእማዬ ያደረስሽልኝ፣ ሦስቱን በአንድ ጊዜ በላች እኮ አልኳት። አንዱን አነሣች። በጣቶቿ መሐል ተሰባብሮ ቀሚሷ ላይ ወደቀ። ከዚያ ፊቷን ሸፈነች። ምን ሆንሽ ብዬ መኝታ ቤት አስገባኋት። እኔ ከዚህ በላይ መደበቅ አልችልም፣ እናትሽን አላገኘኋትም፣ እትዬ ውብዳር ናቸው የተቀበሉኝ አለችኝ። አልገባኝም። እማዬ የት ሄዳ ነው አልኳት። እንዲህ ነው የጠየቅኋት፣ የት ሄዳ ነው ብዬ።

በሩን ከፍቼ ስወጣ ቤቱ ሁሉ ቆሟል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ማንም ምን ሆነሽ ብሎ አልጠየቀኝም። ያን ጊዜ ሁሉም ያውቁ እንደነበር ገባኝ። ካውያው ላይ የተውኩት ሊጥ ከስሎ ቤቱን በጭስ ሞልቶታል፤ ጋሻው ሮጦ ነቀለው። ዘነበን አየሁት፤ ዓለምፀሐይን ታቅፎ መሬት መሬቱን ያያል። አንተም ነበርክበት አልኩት። አምሐ አስምሎኝ ነው አለኝ።

ጮህኩ። ጠረጴዛው ተነሥቶ ፍራሽ ወለል ላይ ተዘረጋ። የአፓርትመንቱ ማኔጀር ወጥቶ፣ ጎረቤቶች ስለ ጩኸቱ ስልክ እየደወሉልኝ ነው፣ ቀንሱ አለን። ዘነበ በር ላይ ቆሞ እናቷ ሞታ ነው ሲለው ሰውየው ቆቡን አውልቆ ሄደ። ያ ሰው የነገሩትን እውነት ሰምቶ ለአንዲት ደቂቃ ሐዘኔን አከበረልኝ። አንተ በስምንት ወር ውስጥ ያን አላደረግኸውም። በሦስተኛው ቀን ጡቴ ደረቀ። ልጄ አሁን በጡጦ ነው የምታድገው። የፈራኸው ነገር መንገዱን ቀይሮ ደረሰ።

ከዘነበ ጋር አሥራ አንድ ቀን አልተነጋገርንም። በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ የመጀመሪያዋን ልጅ በእጄ ነው የቀበርኳት፣ ሁለተኛዋን ለመቅበር አቅም አልነበረኝም አለኝ። ይቅር አልኩት። እሱ ዝም አለ እንጂ አልፈጠረም። ለእርጉዝ መርዶ አለመንገር የእኛም ወግ ነው፣ አውቃለሁ። ዝም ብትለኝ ኖሮ ዛሬ አልቅሼ፣ ረግሜህ፣ ቀስ ብዬ ይገባኝ ነበር። አንተ ግን እማዬ ያላለችውን ቃል ሠርተህ አፏ ውስጥ አደረግህ። አሁን እውነተኛ ቃሎቿን ሳስታውስ የትኛው የእሷ፣ የትኛው የአንተ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። ከመስከረም በፊት በስልክ ያደረስክልኝ ምርቃትስ? የላክሁላትን ሹራብ ወድጄዋለሁ አለች ያልከኝስ?

የመጀመሪያህም አይደለም። አባባ የታሰረ ጊዜ ሦስት ወር ሙሉ ሐረር ለሥራ ሄዷል ብለኸኝ፣ ትምህርት ቤት አባቴ ብርቱካን ሊያመጣልኝ ነው እያልኩ ሳወራ ልጆቹ ያውቁ ነበር። ያኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር፤ ትልቅ ወንድም ነህና አልተቀየምኩህም። አሁን ሃያ አራት ዓመቴ ነው፣ የልጅ እናት ነኝ። ለእኔ የሚበጀኝን ስትመርጥልኝ መኖር ይብቃህ።

ካውያውን ልመልስልህ ሣጥን ውስጥ ከትቼው ነበር። ከዚያ ተውኩት። ብሪጊታ በቅን ልብ የሰጠችውን ዕቃ በአንተ ኃጢአት አላባርረውም። ትራንስፎርመሩን ግን ለጋሻው መለስኩለት፤ ደረጃውን ሲወርድ አለቀሰ፤ አልተከተልኩትም።

አሁን የምፈልገው አንድ ነገር ነው። እማዬ የሞተችበትን ሰዓት፣ ማን አጠገቧ እንደነበረ፣ ምን እንዳመማት፣ በመጨረሻ ምን እንዳለች ጻፍልኝ። አንተ አልነበርክምና ከእትዬ ውብዳር ጠይቀህ፣ እሳቸው ያሉህን ብቻ። ስሜን ካላነሣች አላነሣችም በለኝ። ምንም ሳትል ከሞተች ምንም አላለችም በለኝ። አንዲት ቃል እንዳትጨምርበት። ስልክ እንዳትደውል፤ ድምፅህን ስሰማ የሷ ሳል ይመጣብኛል።

ብሪጊታን ሰላም በልልኝ። ምንም አላወቀችም ብዬ አምናለሁ፤ ካወቀች ሰላምታውን አታድርሳት። መዓዛን ሁለቱን ጉንጮቿን ሳምልኝ፤ አያቷ መሞቷን እሷም ካልሰማች ዛሬውኑ ንገራት። ኤሪክን እቀፍልኝ። ዘነበ ሰላም ይልሃል፤ በል ብዬው አይደለም። ዓለምፀሐይ ገና ሰው አታውቅም።

ለአንተ ሰላምታዬን መጀመሪያ ላይ ጽፌልሃለሁ፤ ያ ይበቃሃል።

እህትህ እጅጋየሁ

ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ
ሰኔ ፳ ቀን ፲፱፻፸፱ ዓ.ም.