ለሚመጣው ወር የተባለው ቃል

አቶ አምባው ተስፋሚካኤል ከምድር ባቡር ሠራተኛው ከአባታቸው ከአቶ ተስፋሚካኤል ወልዴ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ዙፋን ቢቂላ በ1945 ዓ.ም. አቃቂ ተወለዱ። ፊደል በቤተ ክርስቲያን ቆጥረው እስከ ስምንተኛ ክፍል እዚያው አቃቂ ተማሩ።

በ1963 ዓ.ም. በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ክፍል ተቀጥረው ሠላሳ አምስት ዓመት አገልግለዋል። በ1971 ዓ.ም. ከወ/ሮ መሰለች ሰቦቃ ጋር ተጋብተው ልዕልትንና ፍቅርተማርያምን አፍርተዋል። የማሽኑ ጩኸት ጆሯቸውን ስላከበደው ቤትም ውስጥ ድምፃቸው ከፍ ይል ነበር፤ ለማያውቃቸው የተቆጡ ይመስሉ ነበር። ቁጡውስ እኔ ነኝ፣ ታናሽ ወንድማቸው ወንድዬ።

ሰው ጡረታ ሲወጣ ዶሮ ያረባል፤ እርሳቸው በማታ ትምህርት ዕብራይስጥ ጀመሩ። ቤተሰቡ ሳቀ፤ ከሁሉም አብዝቼ የሳቅኩት እኔ ነኝ። ከቃላቱ ሁሉ አንዱ ልባቸውን ያዘው፤ «ደማማ» ይባላል። ነቢዩ ኤልያስ ከነፋሱ፣ ከምድር መናወጡና ከእሳቱ በኋላ ያገኘው ጸጥታ በዚህ ቃል ተጽፏል። ይህንን ለሳሪስ አቦ ማኅበርተኞች እንዲያስረዱ አሥር ደቂቃ ለመኑ። የማኅበሩ ሙሴ፣ መሪው ማለት ነው፣ እኔ ነበርኩ። ወር በገባ በአምስት ደብተራቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ እኔም ዝክሩ ቀርቧል፣ ሰዓቱ ሄዷል እያልኩ ለሚመጣው ወር አሳልፋቸዋለሁ። አራት ዓመት ሙሉ! በመጨረሻ ደብተሩን ቤት ትተው መምጣት ጀመሩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ተገላገልኩ አልኩ።

በልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው የካቲት 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ72 ዓመታቸው ዐረፉ። ደብተሩን ልዕልት ትናንት ሰጠችኝ።

ዛሬ አምስት ነው። ማኅበርተኛው ሁሉ እዚህ ቆሟል፤ ተራው የእርሳቸው ነው። እንዲህ ብለው ጽፈዋል፦

«ፋብሪካው ውስጥ መብራት ሲጠፋ ሁለት መቶ ማሽን ባንዴ ቀጥ ይላል። እኛ ግን መጮኻችንን እንቀጥላለን። ከዚያ የገዛ ጩኸታችንን ሰምተን እናፍርና ዝም እንላለን። ያን ጊዜ አጠገቤ ያለው ጓደኛዬ ሲተነፍስ እሰማለሁ። ለካ እዚያው ነበር። ደማማን የተረዳሁት በዚህ ነው።»

ያለቀው እዚህ ጋ ነው። አሥር ደቂቃ ቀርቶ አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ወንድሜ፣ ምነው ሰምቼህ ኖሮ!

ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውና እኔ ቀርተናል። በዚያ ጸጥታ ለነቢዩ የተናገረው አምላክ ነፍሳቸውን በቅዱሳን አጠገብ ያኑርልን፤ አጠገባቸው ሆኜ ላልሰማኋቸው ለእኔም ይዘንልኝ።