ስለ ላክሽልኝ ቅባትና ስለ ክንዴ ጠባሳ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣ ለጉንጬ፤

ብዕሩን የያዘችው እናትሽ ናት፤ ቃሉ ግን የእኔ የአባትሽ ነው። ፊደሉ ተጣሞ ካገኘሽው እሷን ውቀሺ፤ ነገሩ ተጣሞ ከታየሽ ግን ደግመሽ አንብቢው፤ እኔ ጠማማ ነገር አልናገርም።

ለመሆኑ እንዴት ነሽ? ጤናሽስ? ያ ብርድ ሲነካው የሚያስልሽ ደረትሽ ተሻለው ወይ? የምትጦሪያቸው አሮጊትስ እንዴት ሰነበቱ፤ ዛሬም ካልሲያቸውን ትራስ ሥር ደብቀው ሌባ ገባ ይላሉ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ጉልበቴ እንደ አሮጌ በር ሲጥ ሲጥ ይላል፤ ቢሆንም ይሄዳል። እናትሽ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰክታ መነጽሬን ማን ወሰደው እያለች ቤቱን ትገለብጣለች። ይህን አልጽፍም ብላ ነበር፤ ጻፊ ብያታለሁ።

ወንድምሽ መኪናውን ይዞ ከአንቺ ዘንድ ሲመለስ ያመጣው ዕቃ ደርሶናል። ሹራቡ ልክ ነው፤ እጅጌው ብቻ ረዝሟል። እናትሽ አንተ ነህ ያጠርከው ትላለች። ደብዳቤሽንም ሁለት ጊዜ አንብባልኛለች። ልታገቢ መሆኑን ስሰማ ደስታዬን ለመደበቅ ወደ ጓሮ ወጣሁ፤ ሥራ ያለኝ መስዬ ወጥቼ ምንም ሳልሠራ ተመለስኩ። የምታገቢው ሰው እናት ከሠርጉ በፊት ሊያዩሽ እንደሚመጡ፣ አንቺም በእጅሽ አንጓ ላይ ያለው ንቅሳት፣ ያ ትቶሽ የሄደው ሰውዬ ስም፣ እንዲጠፋልሽ እንደምትፈልጊ ሰማሁ። አንዲት የውበት ሳሎን ያላት ሴት በጨው ፈትጋ፣ አሲድ ቀብታ አነሣልሻለሁ ብላሻለች። ቀጠሮሽም የሚመጣው ወር በገባ በአሥረኛው ቀን ነው። ቱቦ ውስጥ ያለውን ቅባት ደግሞ ለእኔ ላክሽልኝ፤ አባዬ ክንዱ ላይ ባለው ሰማያዊ ነገር ላይ ይሞክረውና ከሠራለት እኔም ከጨው መፈተግ እተርፋለሁ ብለሻል።

እንግዲህ ስሚኝ። ሞክሬዋለሁ።

አባትሽ አርባ ዓመት ሙሉ ቆዳ ሲያለፋ የኖረ ሰው ነው። ፊደል አላውቅም፤ ቆዳን ግን ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ አነበዋለሁ። እኛ ፋብሪካ አንድ ቆዳ ቀለም ጠጣ አልጠጣ የምናውቀው ከላይ በማየት አልነበረም። ጫፉን በስለት ቆረጥ አድርገን ጎኑን እናየዋለን። መሐሉ ነጭ ከሆነ ቀለሙ ፊቱን ብቻ ነክቷል ማለት ነው፤ እሱን ማንም ሞኝ አጥቦ ያነሣዋል። እስከ መሐሉ ከጠቆረ ግን አለቀለት፤ ያ ቀለም የቆዳው ዘመድ ሆኗል። አንድ ጊዜ አዲስ አለቃ መጣብንና ነጣ ብሎ መውጣት የነበረበትን ቆዳ በስህተት ጥቁር በርሜል ውስጥ ጨመረው። ጥፋቱን ለመደበቅ በጨውና በአሲድ አስፈተገን። ሦስት ቀን ፈተግን። ቆዳው ወንፊት ሆነ፤ በቀዳዳው ዙሪያ ያለው ቀለም ግን እንደ ጥቁር ዓይን ቁጭ ብሎ ያየን ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኛ ግን የምንለቅመው ነገር እንኳ አልቀረልንም።

ስለዚህ ቅባትሽን በሥራዬ ደንብ ፈተንኩት። ከጥንት ያስቀመጥኩት እስከ መሐሉ የጠቆረ ቁራጭ ቆዳ አለኝ፤ በግማሹ ላይ ቀባሁ፤ በክንዴም ላይ ቀባሁ። ከቅባቱ ጋር ያለው ወረቀት በሃያ አንድ ቀን እንደ ጤዛ ይጠፋል ይላል፤ እናትሽ አንብባልኛለች። ሃያ አንድ ቀን ጠዋትና ማታ ቀባሁ። ቁራጩ ቆዳ ወዛ እንጂ ቀለሙ ንቅንቅ አላለም። የእኔ ክንድ ደግሞ መጀመሪያ በላኝ፣ ከዚያ ቀላ፣ ከዚያ እንደ ሽንኩርት ተላጠ። ከተላጠው ሥር ያ ሰማያዊ ነገር ታጥቦ እንደ ወጣ ሰው ጠርቶ ብቅ አለ። የተረፈውን ቅባት ጫማዬን ወለወልኩበት፤ ለጫማስ አይታማም።

ክንዴ ሲያብጥ እናትሽ ጎትታ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። የቆዳ ሐኪሟ ወጣት ናት፤ እኔም ቀለሙ የት ጋ እንዳለ ንገሪኝ ብዬ ፈተንኳት። ንቅሳት ከላይኛው ቆዳ ሥር ነው የሚቀመጠው፣ ቅባት እዚያ አይደርስም፤ ጨውና አሲድ ደግሞ ቆዳውን ያነሡታል፣ በቦታው ጠባሳ ይተካሉ አለችኝ። ጎሽ አልኳት፤ ፋብሪካችን ብትቀጠር ኖሮ አለቃ ትሆን ነበር። ሌዘር የሚሉት ብርሃን ግን ቀለሙን እዚያው ውስጥ እየሰባበረ ሰውነት ቀስ በቀስ እንዲወስደው ያደርጋል አለች። እሱም ቢሆን ወራት ይፈጃል፣ ብዙ ቀጠሮ ይጠይቃል፣ ጨርሶ ላይጠፋም ይችላል ብላ ነገረችኝ። በሃያ አንድ ቀን ብላ ስላልማለችልኝ አመንኳት።

ይህን ብቻ ብዬ ብተወው አውቅሻለሁ፤ ቅባቱ እንቢ ካለ ወደ ጨዉ ልሂድ ብለሽ ትነሻለሽ። ልጅነትሽም እንዲሁ ነበር፤ አንዱን በር ሲዘጉብሽ በመስኮት ነበር የምትወጪው። ስለዚህ ለማንም ያልተናገርኩትን እነግርሻለሁ። ብዕር ለያዘችው ሴትም የምነግራት ዛሬ ነው፤ ቀና ብላ እያየችኝ ነው።

ክንዴ ላይ ያለው ጠባሳ ሁልጊዜ እንደምላችሁ የበርሜል አደጋ አይደለም። ኖራ ተደፋብኝ ያልኩት ውሸት ነው። ሰማያዊውም ቁስሌ ውስጥ የገባ የፋብሪካ ቀለም አይደለም። ከእናትሽ በፊት የወደድኳት ልጅ ነበረች። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ፊደል አውቃለሁ ብሎ ስሟን በመርፌና በጥላሸት ክንዴ ላይ ጻፈልኝ። እሷ ሌላ አገባች፤ እኔ ከነስሟ ቀረሁ። እናትሽን ላገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረኝ አፈርኩ። ቆዳ አልፊ አይደለሁ? ኖራ የበሬ ጠጉር ከነሥሩ ሲነቅል በየቀኑ አያለሁ፤ የአንዲት ሴት ስም ያቅተዋል ወይ አልኩ። ኖራውን ከጨው ጋር ለውሼ በጨርቅ አስሬ ከጠዋት እስከ ማታ ዋልኩበት። ስቃዩን አልነግርሽም፤ እናትሽ እየሰማች ነው። በሠርጌ ቀን ክንዴ በፋሻ ተጠቅልሎ ነበር። ሙሽራዬ አይታ አለቀሰችልኝ። ያን ዕንባ በውሸት ተቀበልኩ። ስሙ ግን ጠፍቶ ነበር፤ ከጠባሳው ዳር የቀረው ጭረት ምንም አይደለም ብዬ ኖርኩ።

እዚህ ላይ እናትሽ ብዕሩን አስቀመጠች። ተቆጣች ብዬ ሳስብ ሳቀች፤ ዕንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። አልጠፋም እኮ፣ ይነበባል አለችኝ። ወንድምሽ ትምህርት ቤት ሲገባ እሷም የጎልማሶች ትምህርት ገብታ አልነበር? ከመጽሐፍ ውጭ መጀመሪያ ያነበበችው ነገር ያ የእኔ ክንድ ነው! አንቺም አንደኛ ክፍል ሳለሽ ያየሽውን ሁሉ፣ ቆርቆሮውንም ሳጥኑንም፣ ስታነቢ ክንዴ ላይ ደርሰሽ ፊደል መቁጠር ብትጀምሪ ቆንጥጣ ዝም አሰኝታሻለች። ታስታውሺው ይሆናል። ይኸውልሽ፣ ቤቱ ሁሉ ሲያነበው የኖረው ደብዳቤ እኔ ነኝ፤ ያላነበብኩት እኔ ብቻ።

ለምን ዝም አልሽኝ አልኳት። ያለችኝን ቃል በቃል አጽፌያታለሁ፤ እንዲህ አለች፤ ያ ስም አንድ ቀን እንኳ ከሳህኔ አልጎረሰም፣ አንድ ቀን እንኳ ክፉ አልተናገረኝም። ጠባሳህ ግን ብርድ በመጣ ቁጥር ቆዳው ሲሳብህ፣ አንተ ስታቃስት፣ እኔ ቫዝሊን ስቀባህ ይኸው አርጅተናል። ስሙን ብትተወው ኖሮ ስንት እንቅልፍ በተኛሁ አለች።

ልጄ፣ እኔ ከዚህ በላይ የምጨምረው የለኝም። ለሚያልፍ ቀን የማያልፍ ነገር አታድርጊ። አንዴ አድርገሻል፤ እኔም አድርጌያለሁ፤ የሁለታችንም ሞኝነት ተመዝግቧል። በሁለተኛው ግን አትምሰይኝ። የምታገቢው ሰው የዚያን ሰውዬ ስም አይቶ ነው የወደደኝ ብለሻል። እሱ አይቶ ካለፈው፣ ለእናቱ የአንድ ቀን ጉብኝት ረዥም እጅጌ ይበቃል፤ ይኸው ሹራቤን ልመልስልሽ፣ እጅጌው ረዥም ነው። ጠፍቶ ካላየሁት አልተኛም ካልሽ ደግሞ ፈቃድ ያለው ሐኪም ዘንድ ሄደሽ በሌዘሩ ጀምሪ፤ ከሠርግሽ በኋላም ይቀጥል፣ ማን አሳደደሽ? በጨው የምትፈትገዋን ሴት ግን ነገ ሳትይ ቀጠሮውን ሰርዣለሁ በያት። ወንድምሽ ነገ ሲነሣ ይህን ይዞልሽ ይመጣል፤ ቀጠሮውን መሰረዝሽን በጆሮው ሳይሰማ እንዳይመለስ ነግሬዋለሁ። እንደምታውቂው እንደ በቅሎ ግትር ነው፤ ከእኔ ወርሶ።

ለምታገቢው ሰው ሰላም በይልኝ፤ ሲመጣ እጁን አየዋለሁ፣ ሰው በእጁ ይታወቃል። ለመጪዋ አማትሽ አክብሮቴን አድርሺ። አብራሽ ለምትኖረው ጓደኛሽ፣ ሲያምሽ ሾርባ ለምታሞቅልሽ፣ ዕድሜ ይስጣት በያት። አሮጊቷን ካልሲያቸውን ፈልገሽ ሰላም በይልኝ። ከዚህ የወንድምሽ ሚስትና ሁለቱ መንትዮች ይስሙሻል፤ አንደኛዋ ጥርሷ ወልቆ ስምሽን በፉጨት ነው የምትጠራው። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊውም የሠርግ ልብሷን ልኬት ትላክ ብሏል። እናትሽ ሰላምታዋን ራሷ ትጻፍ ብላት ከላይ ያለው ሁሉ እኔ የጻፍኩት አይደለም ወይ አለችኝ።

ከቤታችን፣ ከመስኮቱ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ
ወር በገባ በሃያ ሦስተኛው ቀን፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ
አባትሽ

በይ አሁን አንቺ ብዕር የያዝሽው፣ ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ፤ አንድ ቃል እንዳትዘልዪ። ክንዴን ተይው፤ እሱን አንብበሽ ጨርሰሻል።